እከክ ወይስ የማቅለሚያ ጉዳት?

በአገሪቱ ማረሚያ ቤቶች ታራሚዎች በሽመናና በእጅ ሥራ ይሰማራሉ። ክር ማቅለም በታከለበት ሥራ ግን የቆዳ ጉዳት በሌላ በሽታ ስም ሊጠራ ይችላል። ሰው በተጨናነቀበት ስፍራ የሚያሳክክ ሽፍታ ሲታይ አስቀድሞ የሚጠረጠረው እከክ ነው፤ ጥርጣሬውም መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ሪአክቲቭ ማቅለሚያ ከጥጥ ጋር እንዲዋሐድ የሚጨመረው ሶዳ አሽ የቆዳን ቅባት ያሟጥጣል፤ ማቅለሚያውም ራሱ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል። በዚህ ቆዳ ላይ የእከክ መድኃኒት የሆነው ቤንዚል ቤንዞኤት ሲቀባ ያቃጥላል፣ ቁስሉንም ያብሳል። ለመለየት የሚረዱት የመጀመሪያ ጥያቄዎች ወጪ የላቸውም፦ ሕመሙ በዕረፍት ቀናት ይቀንሳል? አብረው የሚያድሩትንስ ያሳክካቸዋል?

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚገዛው በሥራ ውል ላይ የተመሠረተን ግንኙነት ነው፤ ታራሚው ደግሞ እንዲህ ያለ ውል የለውም። በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የማንዴላ ደንቦች በቁጥር 101 ለሥራ ወለድ በሽታ ከነፃ ሠራተኛ ያላነሰ ካሳ ለታራሚም እንዲሰጥ ይጠይቃሉ። ካርዱ ላይ «እከክ» ብቻ የተጻፈለት ታራሚ ግን ይህን በምን ያስረዳል? የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችን ጤና የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ናሙናቸውን በፋብሪካ አጥር ውስጥ ብቻ መወሰናቸውን ሊያጤኑት ይገባል።