ከማንኪያዋ ዘይት ጀርባ ያለው ዓሣ

ባለፈው ቅዳሜ ለልጅ ልጄ የዓሣ ዘይቷን በማንኪያ ሳቀርብላት እንደ ልማዷ አፏን ገጥማ ፊቷን አዞረች። «እማማ፣ መጀመሪያ ዓሣው ምን እንደሚመስል ንገሪኝ» አለችኝ። ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ ምክንያቱ ሳይነገራት የምትውጠው ነገር የለም። ስንት ልጅ በዚህ ዘይት አሳድጌ ስለ ዓሣው አንድም ነገር እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ስለዚህ አነበብኩ፤ ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

በጠርሙሱ ላይ «የኮድ ጉበት ዘይት» የሚል ከተጻፈ ዓሣው ኮድ ነው። የሚኖረው በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ ውኃ፣ በካናዳ፣ በአይስላንድና በኖርዌይ ጠረፎች ነው። በጀርባው ላይ ሦስት ክንፎች አሉት፤ በአገጩ ሥር ደግሞ አንዲት ጢም ተንጠልጥላለች። ይህች ጢም ለጌጥ አይደለችም፤ እንደ ምላስ ትቀምሳለች። ኮድ አብዛኛውን ምግቡን የሚፈልገው ከባሕሩ ወለል ስለሆነ፣ በጨለማው ውስጥ በጢሙ እየዳሰሰ ሸርጣኑንና ትሉን ይለቅማል። ትንንሽ ዓሦችንም ያሳድዳል፤ የራሱን ዘር ትንንሾች እንኳ አይምርም። ሥጋው ነጭና ስብ የሌለበት ነው። ስቡን የሚያከማቸው በጉበቱ ውስጥ ነው፤ የልጆቻችን ዘይት የሚወጣውም ከዚያ ነው።

የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ወንዱ በሆዱ ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት እየመታ ያጉረመርማል። ትልቅ ሴት ኮድ በአንድ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሎቹ ወደ ውኃው ላይኛው ክፍል ይንሳፈፋሉ፤ እናት አትጠብቃቸውም። ከዚያ ሁሉ ለወግ ለማዕረግ የሚበቁት ጥቂቶች ብቻ ናቸው።

እኔን ያስገረመኝ ግን የአሮጊቷ ነገር ነው። ኮድ ሰው ካልደረሰበት ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ያረጀችውና የገዘፈችው ሴት ገና ከደረሰችው ወጣት ይልቅ ብዙ እጥፍ እንቁላል ትጥላለች። ለብዙ ዓመታት ስለምትጥልም አንዱ ክረምት ቢከፋ ሌላው ይክሳል። ከዚህም በላይ፣ መንጋው ሲጓዝ ትልልቆቹ ከፊት ሆነው እንደሚመሩ በካናዳ ጠረፍ ያጠኑ ተመራማሪዎች ታዝበዋል።

ሰው ግን ይህን አላሰበም። የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ወደ 500 ዓመት ያህል በኮድ ኖራለች። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወለሉን በመረብ የሚጠርጉ ግዙፍ መርከቦች መጡ፤ ትልቁም ትንሹም ተጠረገ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 መንግሥት ማጥመዱን አገደ፤ ወደ 30 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ሥራቸውን አጡ። ለሁለት ዓመት ታስቦ የነበረው እገዳ የተነሣው በ2024 ነው፤ ያውም በተወሰነ መጠን ብቻ እንዲጠመድ ነው። አሮጊቶቹ ያለቁበት ዘር እንዲህ ቶሎ አያገግምም።

ይህን በልጅ ቋንቋ አሳጥሬ ስነግራት ልጅ ልጄ ዝም ብላ አዳመጠችኝና «እና አያቶቹን ሁሉ ወሰዷቸው?» አለች። ከዚያ አፏን ከፈተች። ማንኪያዋን ዋጠች፤ ፊቷን ማጨማደዷ ግን አልቀረም።

ዘይቱን ለልጅ የምትሰጡ ወላጆችና አያቶች አንድ ነገር ልብ በሉ። በውስጡ ያለው ቫይታሚን ዲ አጥንት እንዲጠነክር ይረዳል። ቫይታሚን ኤም አለበት፤ ይኸኛው ግን ሲበዛ ይጎዳል። «ይጠቅማል» ብላችሁ ማንኪያ አትጨምሩ፤ ልጁ ሌላ ቫይታሚን የሚወስድ ከሆነ አስቀድማችሁ የጤና ባለሙያ ጠይቁ። የጠዋቷንም ፀሐይ አትርሱ። ብርድና ዓይን ፈርተን ሕፃኑን ከእግር እስከ ራሱ ስንሸፋፍን፣ ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ብርሃን በነፃ እያለ እንነፍገዋለን።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እንገናኝ።