የእግዚአብሔር ምሪት በምን ይታወቃል?

ክርስቲያን ወላጆች ሆይ፤ ልጅን ለመዳር በታሰበ ጊዜ በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የእግዚአብሔር ፈቃድ ይህ መሆኑን በምን እናውቃለን?» የሚል ነው። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን መልሱን ለማግኘት ሲሉ ወደ ኮከብ ቆጣሪ የሚሄዱ አሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ጧፍ አብርተው የተሳሉትም እንኳ ሲመለሱ በዚያው በኩል የሚያልፉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዚህ ወር ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ልንነጋገር ወደድን።

የኮከብ ቆጣሪው ሥራ ይህ ነው። የወንዱንና የሴቲቱን ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር ይጠይቃል፤ ፊደሉን ወደ ቁጥር ለውጦ ይደምራል፤ በ12 እየገደፈም የተረፈውን ቁጥር «ኮከባቸው ይህ ነው» ይላል። ገጠመ ያለ እንደ ሆነ ድግስ ይደገሳል፤ አልገጠመም ያለ እንደ ሆነ ግን ሽማግሌ የተላከበት፥ ቀለበት የታሰረበት ነገር በአንድ ቀን ይፈርሳል። እስቲ አስተውሉ። የራሳቸውም የእናቶቻቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ልጃገረዶች ቢኖሩ፥ አንዲቱ ትሑትና ታታሪ፥ ሁለተኛይቱ ቁጡና ሐኬተኛ ብትሆን፥ የሚተርፈው ቁጥር ለሁለቱም ያው ነው። ሒሳቡ ስለ ጠባይ አልጠየቀም፤ ስለ እምነትም አልጠየቀም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ሟርትና ጥንቆላ የተከለከሉትም በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ እውነተኛው ምሪት እንዴት እንደሚታወቅ ለመማር ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24ን እንመልከት። አብርሃም ለልጁ ለይስሐቅ ሚስት እንዲያመጣለት የቤቱን ሽማግሌ ሎሌ ላከው። ሎሌውም 10 ግመሎች ይዞ ሲመሽ ወደ ናኮር ከተማ ደረሰና በውኃው ጉድጓድ አጠገብ ጸለየ። መብረቅ ወይም ሕልም አልለመነም። እርሱ የሚጠጣውን ውኃ ሲለምናት ግመሎቹንም ላጠጣልህ የምትለው ልጅ የታሰበችው ትሁን ብሎ ለመነ እንጂ። እጅግ የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ሊጠጣ ይችላል። ለማያውቁት መንገደኛ 10 ግመሎች በእንስራ ቀድቶ ማጠጣት ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ ውኃ የቀዳ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ሎሌው የለመነው ምልክት ራሱ ጠባይ ነበረ፤ ቸርነት፥ ትጋት፥ እንግዳ መቀበል።

ርብቃ መጥታ እንደ ለመነው ባደረገች ጊዜም አልቸኮለም፤ ዝም ብሎ ይመለከታት ነበር። ከዚያ በኋላ ወገኗን ጠየቀ፤ ከቤቷም ገብቶ እህል ሳይቀምስ የመጣበትን ጉዳይ አንዳች ሳይደብቅ ለዘመዶቿ ተናገረ። በመጨረሻም ርብቃ ራሷ ተጠየቀች፤ እርሷም ለመሄድ ፈቀደች። አብርሃምም ገና ሲልከው ሴቲቱ እንቢ ያለች እንደ ሆነ ከመሐላው ነጻ እንደሚሆን ነግሮት ነበር። በእግዚአብሔር ምሪት የሚታመን ሰው አያስገድድምና። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድ ጋብቻ እንዳይጸና መደንገጉ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

ነገር ግን ምሪቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በምሪቱ መታመን ደግሞ ሌላ ነው። ይስሐቅ ርብቃን ሲያገባ የ40 ዓመት ሰው ነበረ፤ ልጆች ሲወለዱለት ግን 60 ዓመት ሞልቶት ነበር። በጸሎት የተመራ ጋብቻ 20 ዓመት ያለ ልጅ ቆየ። በእኛ ሠፈር ቢሆን ኖሮ ጎረቤት «ኮከባቸው ሳይገጥም ተጋብተው ነው» ባለ ነበር። ይስሐቅ ግን ሎሌው ተሳስቶ ነው ብሎ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ስለ ሚስቱ ወደ እግዚአብሔር ጸለየ እንጂ። ከጋብቻ በኋላ ሕመም ወይም ማጣት በመጣ ጊዜ «እግዚአብሔር አልመራንም ነበር» የሚሉ ባልና ሚስት ይህን ያስቡ። እግዚአብሔር የመራው መንገድ ሁሉ ሜዳ አይደለም፤ አቀበትም አለበት።

ስለዚህ በቤታችሁ ለጋብቻ የታሰበ ልጅ ቢኖር አስቀድማችሁ ጸልዩ፤ የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። ስለ ሰውየው ስም ቁጥር ሳይሆን ስለ ኑሮው ጠይቁ። የተበደረውን ይመልሳልን? በተቈጣ ጊዜ ለእናቱ እንዴት ይመልሳል? እርሷስ ለቤት ሠራተኛይቱ፥ ደጃፍ ለቆመው ለማኝ እንዴት ናት? ግመል ውለታ አይመልስም፤ የርብቃ ቸርነት የታወቀውም ውለታ በማይመልስ ፍጥረት ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ልጆቹን ራሳቸውን ጠይቁ፤ ሳያፍሩና ሳይፈሩ እንዲመልሱም ጊዜ ስጧቸው።

የአብርሃምን ሎሌ በመንገዱ የመራ አምላክ እኛንም ይምራን፤ በመራንም መንገድ ያጽናን። አሜን።