ድሬዳዋን በአዲስ አበባ ሰዓት አትለኩብን

ከደጋ ለስብሰባ ወይም ለንግድ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ እንግዳ ሲመለስ የሚያወራው ወሬ አንድ ነው። «ከተማዋ ታምራለች፤ ሰዉም ፍቅር ነው፤ ግን ይተኛሉ» ይላል። ስድስት ሰዓት ላይ ሱቅ ተዘግቶበታል፤ ስምንት ሰዓት ላይ የሚፈልገውን ሰው አጥቷል። ከዚህ ተነስቶ ስለ ስንፍና ይሰብካል። ጫቱንም ጨምሮ ፍርዱን ያከብደዋል።

ለመሆኑ ይህ ፈራጅ ከተማዋን ያየው በስንት ሰዓት ነው? ጎሕ ሲቀድ ቀፊራ ገበያ ወርዶ ያውቃል? ከዙሪያው ገጠር አትክልትና ፍራፍሬ ይዘው የመጡት ሴቶች ፀሐይዋ ሳትበረታ ገበያቸውን ይዘረጋሉ። እንግዳችን ሆቴል አልጋው ላይ ሲገላበጥ እነሱ የቀኑን ሥራ አጋምሰውታል። ታዲያ የተኛው ማን ነው?

ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ልዩነቱን ቆዳ ያውቀዋል። በቀትር ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ማላብ ትጋት አይባልም። ስለዚህ የከተማው ሰው ቀኑን ከፈለው፤ ጠዋት ይሠራል፣ ቀትር ያርፋል፣ ሲበርድ ደግሞ ወደ ሥራውም ወደ ጨዋታውም ይመለሳል።

ደግሞስ ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር አይደለም እንዴ? ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው በደቻቱ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ እያለ ከተማ የሆነው። ባቡር ሰነፍ አይጠብቅም። በፉጨት ተነስቶ በፉጨት የሚገባ ሠራተኛ ያሳደጋትን ከተማ ሰዓት አታውቅም ማለት ታሪኳን አለማወቅ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው፤ መንገደኛው እንደ ድሮው ከዚራ መሐል አይወርድም። ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር የተቀመጠ ወጣት ስታዩ፣ እንቅልፉን ከመቁጠራችሁ በፊት ሥራው የት እንደ ሄደ ጠይቁ። ጫት አይጎዳም አልልም፤ ብዙ ቤት ጎድቷል። ነገር ግን ሥራ ያጣውንና ከሥራ መልስ የሚያርፈውን በአንድ ስም መጥራት ግፍ ነው።

ማታውን ደግሞ ተመልከቱ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የባጂያው ዘይት መንጫጫት ይጀምራል፤ ሳንቡሳው፣ ፉሉ፣ ሻዩ ይከተላል። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ ይሰማል። ዋጋ የሚቆረጠው፣ ዱቤ የሚከፈለው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያው ነው። መጥበሻዋ ፊት ለፊት የቆመችው ሴት የሥራ ሰዓቷ ያ ነው። «ድሬ ትተኛለች» የሚለን ሰው እሷን ከሠራተኛ አልቆጠራትም ማለት ነው። ቢሮ ገብቶ ያልፈረመ ሁሉ ሥራ ፈት ይመስለዋልና።

እንግዲህ መሥሪያ ቤቱና ባንኩ ሰዓታቸውን ከሙቀቱ ጋር ያስማሙ እንላለን። ለመንገድ ማስፊያ ተብሎ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ አይቆረጥ። ባጂያ የምትጠብሰውን ሴት «ለከተማ ውበት» እያሉ ከማሳደድ መብራትና የተወሰነ ቦታ ይስጧት። የመሐል ከተማው ውበት እሷ ናት።

ለመፍረድ የቸኮለ ሁለት ጊዜ ይምጣ፤ አንዴ ጎሕ ሲቀድ ቀፊራ፣ አንዴ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከዚራ። በቀትር ግን፣ በፈጠራችሁ፣ በር አታንኳኩብን።