«ተፈታ» ማለት «ነፃ ተባለ» ማለት አይደለም

የፍርድ ቤት ዜና ከሚሴ የሚደርሰው ሁለት ሆኖ ነው፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በአፋን ኦሮሞ። ሁለቱንም የምንሰማ ደግሞ ብዙ ነን። ባቲ ሰኞ ገበያ ብትወጡ አንድ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱንም ሲቀላቅል ትሰማላችሁ። ስለዚህ ዜናው የቱ ጋ እንደተጣመመ ለማየት ከሌላው የተሻለ ዕድል አለን። ብዙ ጊዜ ታዲያ የሚጣመመው በዓይን ያወጣ ውሸት አይደለም፤ በአንድ ግስ ነው።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.ን አስታውሱ። በገና ዕለት መንግሥት እነ እስክንድር ነጋን፣ ጃዋር መሐመድንና በቀለ ገርባን፣ እንዲሁም እነ ስብሐት ነጋን ክሳቸውን አቋርጦ እንደሚፈታ አስታወቀ። ከሚሴ ከጦርነቱ ከወጣች ገና አንድ ወር ገደማ ነበር። በዚያ ሰሞን ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ሲካረሩ ሰማሁ። አንደኛው «የእኛዎቹ ንፁህ መሆናቸው ተረጋገጠ፤ የእናንተዎቹ ግን በምህረት ነው የወጡት» ይላል። ሌላኛው ያንኑ ገልብጦ ይመልስለታል። ሁለቱም በስልካቸው ያነበቡት ስለ አንድ ውሳኔ ነው!

ምህረት፣ ይቅርታ፣ ነፃ መባል፣ ክስ መቋረጥ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይቅርታ የሚደረገው ለተፈረደበት ሰው ነው። «ነፃ ነህ» የሚለው ዳኛ ነው። ክስ የሚያቋርጠው ግን ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ያኔ ሰውየው አጥፍቷልም፣ አላጠፋምም ያለ ዳኛ የለም። በአፋን ኦሮሞም ቢሆን «ሂካሜ» እና «ቢሊሳ ባኤ» አንድ አይደሉም፤ «ተፈታ» እና «ነፃ ወጣ» እንደማለት ነው። እናም ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ማንም ዳኛ ባልሰጠው ፍርድ ላይ ነበር።

ሌላ ቦታ ቢሆን ቀልድ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኛ ጋ ግን በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና ጅሌ ጥሙጋ የሆነውን አይተናል። ያን ጊዜ አንዱ ሚዲያ ሟች ያለውን ሌላው ገዳይ ይለው ነበር። ዛሬ ሰው ስጠይቅ ቤት የተቃጠለበትን ቀን ከነሰዓቱ ይነግረኛል፤ ማን እንደተከሰሰ፣ ምን እንደተፈረደ ሲሆን ግን የሚነግረኝ የሰፈሩን ወሬ ነው። ካሜራው የመጣው ለእሳቱ ነዋ፤ ለችሎቱ ማን ይመጣል?

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ አይደል የሚል ይኖራል። አለ። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ 3 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ግን «ነፃ ወጡ» ብሎ የጻፈን ሰው በየትኛው ሐሰት ትከሱታላችሁ? ሰዎቹ እኮ ወጥተዋል። ደግሞም ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ግስ ፖሊስ መጥራት እኔ በበኩሌ ያስፈራኛል።

ሚዲያዎች ለምን እንደማይታረሙ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ግልጽ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ወንዝ የሚለቀቀው ፍሳሽ ወጪውን የሚከፍለው የለቀቀው አይደለም፤ በቦርከና ወርዶ ጨፋ ላይ ከብቱን የሚያጠጣው ሰው ነው። የዜናም እንዲሁ ነው። እስሩ አንባቢ ያመጣል፣ ሰባተኛው ቀጠሮ አያመጣም፤ ግማሹ ዜና የሚያስከትለው ጣጣ ደግሞ ስቱዲዮ ድረስ አይሄድም። ሰው መንገድ ሲፈራና ሚኒባስ ሲቀንስ ከሚሴ ላይ የሽንኩርት ዋጋ ነው የሚጨምረው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አሚኮ በሁለቱም ቋንቋ ያሰራጫል። በሁለቱም ዴስክ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ ዋስትና፣ ክስ መቋረጥ፣ በነፃ መሰናበት፣ ጥፋተኛ መባል፣ ይቅርታ፤ በአማርኛው ፊት ለፊት የአፋን ኦሮሞው አቻ ይጻፍ። እያንዳንዱ የችሎት ዜና ውሳኔውን የሰጠው ዳኛ ይሁን ዐቃቤ ሕግ፣ ጉዳዩ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ በመጀመሪያው አንቀጽ ይናገር። እስሩን የዘገበ ደግሞ የመጨረሻውን ቀጠሮም ይዘግብ፣ አራት መስመር ብትሆንም።