ሁለት ደመወዝ ስለሚቀበል ሠራተኛና ስለ ገቢው ግብር

ሰው በጒልበቱና በዕውቀቱ ሠርቶ መብላቱ የተመሰገነ ነገር ነው። በአንድ ሥራ የሚያገኘው ገንዘብ ለቤቱ ቀለብ፥ ለልጆቹ ትምህርትና ለቤት ኪራይ አልበቃው ሲል፥ የዕረፍቱን ሰዓት ቀንሶ ሁለተኛ ሥራ የሚይዝ ሰው ደግሞ ይልቁን ሊመሰገን ይገባዋል እንጂ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ቀን በመሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ውሎ ማታ በትምህርት ቤት የሚያስተምር፥ ወይም በአንድ ድርጅት ሒሳብ ሲይዝ ሰንብቶ ቅዳሜ በሌላ ድርጅት መዝገብ የሚያስተካክል ሰው አለ። ነገር ግን ሁለተኛው ደመወዝ ከመጣ በኋላ የገቢው ግብር ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ሁለት ዐይነት ስሕተት በሰው አፍ ሲነገር ይሰማል።

ፊተኛው ስሕተት የፈሪ ሰው ስሕተት ነው። ይኸውም፥ ሁለተኛ ሥራ የያዘ ሰው ገቢው ከፍ ወዳለው የግብር ደረጃ ስለሚወጣ ትርፉን ሁሉ ግብር ይበላበታል፤ እንዲያውም ከቀድሞው ያነሰ ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የቸልተኛ ሰው ስሕተት ነው። ይኸውም፥ እያንዳንዱ ቀጣሪ ከሚከፍለው ደመወዝ ላይ ግብሩን ቀንሶ ካስገባ ዘንድ ሠራተኛው ከዚያ ወዲያ ምንም ዕዳ የለበትም የሚለው ነው። ሁለቱም ከሕጉ አሳብ የራቁ ናቸው።

የደመወዝ ግብር በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሮ በ1994 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተካ፤ ይህም በ2008 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 979 ተተክቷል። አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። ከመሻሻሉ አስቀድሞ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ብቻ ሲሆን፥ በማሻሻያው እስከ 2,000 ብር ሆኗል። ከዚያ በላይ ያለው በደረጃ ተከፍሎ፥ ከ2,000 እስከ 4,000 ብር ላለው ክፍል ከመቶ 15፥ እስከ 7,000 ብር ከመቶ 20፥ እስከ 10,000 ብር ከመቶ 25፥ እስከ 14,000 ብር ከመቶ 30፥ ከዚያም በላይ ላለው ክፍል ከመቶ 35 ይከፈልበታል። ግብሩ የሚታሰበው ተቀጣሪው በወሩ ውስጥ ባገኘው ጠቅላላ የመቀጠር ገቢ ላይ ነው። እንግዲህ የነገሩ ቊልፍ «ጠቅላላ» በሚለው ቃል ላይ እንዳለ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ይህን ለማስተዋል የቀድሞውን የእህል አሥራት ማስታወስ ይጠቅማል። አሥራት ከአውድማ ሲወሰድ ከአሥር ቊና አንዱ ስለ ነበረ፥ ሁለት አውድማ ያለው ገበሬ እህሉ ለየብቻው ቢሰፈርም፥ በአንድነት ተከምሮ ቢሰፈርም፥ የሚሰጠው መጠን አይለወጥም ነበር። የዛሬው የደመወዝ ግብር ግን ገቢው እየበዛ ሲሄድ መጠኑም በደረጃ እየጨመረ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ደመወዝ ለየብቻ ሲሰፈርና በአንድነት ሲሰፈር ውጤቱ አንድ አይሆንም። ልዩነቱ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ለምሳሌ አንድ ጸሐፊ በመሥሪያ ቤቱ በወር 9,000 ብር ይቀበላል እንበል፤ በዚህ ላይ የሚከፍለው ግብር 1,400 ብር ነው። ይኸው ሰው ማታ በማስተማር ከሌላ ቀጣሪ 6,000 ብር ቢያገኝና ሁለተኛው ቀጣሪ የመጀመሪያውን ሳያውቅ ለብቻው ቢያስበው፥ የሚቀንስበት 700 ብር ይሆናል። በጠቅላላው 2,100 ብር ተከፈለ ማለት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ደመወዝ ሲደመር 15,000 ብር ነው፤ የ15,000 ብር ግብር ደግሞ 3,200 ብር ነው። ስለዚህ በየወሩ 1,100 ብር ጎድሎ ቀርቷል፤ ይህም በዓመት 13,200 ብር ይሆናል። ጉድለቱ የመጣው ነፃው 2,000 ብርና ዝቅተኞቹ ደረጃዎች ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስለ ተቈጠሩለት ነው። ነፃው ገንዘብ ግን የተሰጠው ለሰውዬው ነው እንጂ ለተቀመጠበት ወንበር አይደለም።

በዚሁ ምሳሌ የፈሪው ሰው ስሕተትም ይታረማል። ከፍ ያለው መጠን የሚያርፈው ከደረጃው በላይ ባለው ክፍል ላይ ብቻ ስለ ሆነ፥ በቀድሞው 9,000 ብር ላይ የነበረው ግብር አልተነካም። በሁለተኛው ሥራ 6,000 ብር ላይ የጨመረው ግብር 1,800 ብር ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያው 1,000 ብር 250፥ በሚቀጥለው 4,000 ብር 1,200፥ በመጨረሻው 1,000 ብር 350 ብር ነው። እንግዲህ ሠራተኛው የጡረታ መዋጮና ሌላ ተቀናሽ ሳይቈጠር 4,200 ብር ይተርፈዋል። ስለዚህ ግብሩን ፈርቶ ሥራን መተው ከሒሳብ ጋር አይስማማም። ዳሩ ግን ሁለተኛው ሥራ የሚያመጣው 6,000 ብር ሳይሆን 4,200 ብር መሆኑን አስቀድሞ አውቆ፥ የማታ መጓጓዣውንና የጤናውን ነገር ከዚህ ጋር ማመዛዘን የብልህ ሰው ሥራ ነው።

ይህ ነገር የመንግሥትን ገንዘብ ብቻ የሚመለከት መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ ከአንድ ቀጣሪ 15,000 ብር የሚቀበለውን ጎረቤቱን ይመልከት። እርሱ ሳይጎድል 3,200 ብር ሲከፍል፥ ሌላው ያንኑ ያህል ገቢ ይዞ 2,100 ብር ቢከፍል፥ በሁለቱ መካከል ያለው ፍርድ ተዛብቷል። ደግሞም ጉድለቱ ተድበስብሶ የሚቀር አይደለም። ሳይከፈል የዘገየ ግብር ወለድና መቀጫ የሚከተለው ስለ ሆነ፥ የጥቂት ዓመት ጉድለት ባንድ ቀን ሲጠየቅ ሌሊትና ቀን ሲደክም የኖረውን ሰው ቤት ሊያናጋ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሌላም ሊለይ የሚገባው ነገር አለ። ሁለተኛው ገቢ የቅጥር ደመወዝ ካልሆነ የሚተዳደርበት ክፍል ሌላ ነው። ሕጉ ገቢን በሠንጠረዥ ስለ ለየ፥ ከመቀጠር የሚገኘው በሠንጠረዥ ሀ፥ ከቤት ኪራይ የሚገኘው በሠንጠረዥ ለ፥ ከንግድ የሚገኘው በሠንጠረዥ ሐ ይታሰባል። ስለዚህ ደመወዝተኛው ቤቱን ቢያከራይ ወይም ሱቅ ቢከፍት፥ ያ ገቢ ከደመወዙ ጋር ሳይደመር በየሠንጠረዡ ለብቻው ይታወቃል፤ የማሳወቁም ግዴታ በራሱ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ ከያንዳንዱ ወገን የሚፈለገው ምንድር ነው? ሠራተኛው ሁለተኛ ሥራ ሲይዝ፥ አስቀድሞ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ፈቃድ የሚጠይቅ እንደ ሆነ መርምሮ፥ ሌላ ደመወዝ ያለው መሆኑን ለቀጣሪዎቹና ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ቢያስታውቅ፥ የሁለቱንም የደመወዝ ደረሰኝ ቢያስቀምጥ ከጭንቀት ይድናል። ቀጣሪው ደግሞ አዲስ ሠራተኛ ሲቀበል፥ ሌላ ደመወዝ አለህን ብሎ መጠየቅንና የግብር ከፋይ መለያ ቊጥሩን መመዝገብን ልማድ ሊያደርግ ይገባዋል። ካህናትም የንስሓ ልጆቻቸው ስለ ኑሮአቸው ምክር ሲጠይቋቸው፥ ሠርቶ ማደር የተገባ እንደ ሆነ ሁሉ ድርሻን ሳይሸሽጉ መክፈልም የተገባ መሆኑን ቢያስረዱ፥ ቃላቸው ከሹም ትእዛዝ ይልቅ ይሰማል።

የግብር ሹማምንት ድርሻ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሁለት ሥራ የያዘ ሰው በአብዛኛው ኑሮ ያስገደደው ነው እንጂ ባለጠጋ አይደለም፤ ጉድለቱም ካለማወቅ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ቢሮው የመጣውን ሠራተኛ እንደ ወንጀለኛ በመቈጣት ፈንታ ሒሳቡን በግልጽ አሳይቶ፥ በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ በአንድ ቀን ማስጨረስ ይገባል። በመለያ ቊጥሩ ሁለቱን ደመወዝ ቀድሞ አገናኝቶ ጉድለቱን በወሩ ማስታወቅ፥ ዓመታት ካለፉ በኋላ ከነመቀጫው ከመጠየቅ የተሻለ ነው። ማታ ከማስተማር ደክሞት የሚመለስ ሰው ዕዳውን ዐውቆ፥ የቀረውንም ገንዘብ የራሱ መሆኑን ተረድቶ በሰላም ቢያድር፥ መንግሥትም ገቢውን አያጣም፤ ሠራተኛውም በሥራው አይጸጸትም።