ኀይል ከእግር ይነሣል

ሶፍትቦል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ የተጀመረ ጨዋታ ነው። ዛሬ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚጫወቱት ልጃገረዶች ሲሆኑ፣ በሜሪላንድ የምንኖር እኔና ታናሽ እኅቴም ከእነርሱ መካከል ነን።

እኅቴ ዱላውን በሰነዘረች ቍጥር ሚዛንዋን እየሳተች ወደ ፊት ትንገዳገድ ነበር። ከሜዳው ዳር የቆመው ሁሉ «በርቺ! በኀይል ምቺ!» ይላታል። እርስዋም ኀይል በጨመረች መጠን መንገዳገድዋ ባሰ፤ በመጨረሻም «እኔ ደካማ ነኝ፤ ልተወው» እስከ ማለት ደረሰች።

በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው ጩኸት ርዳታ አይደለም። የምት ኀይል የሚነሣው ከእግር ነው፤ ከዚያም በዳሌ አልፎ ወደ እጅ ይደርሳል። ስለዚህ አስቀድሞ መታረም ያለበት አቋቋም ነው።

እኛም እግሮችዋን ከትከሻዋ ጥቂት ሰፋ፣ ጕልበትዋን ሸብረክ አድርጋ እንድትቆም አደረግን። ረጅሙን እርምጃዋን አሳጠርን፤ ዱላውንም በቀላል ለወጥን። ቀጥሎም በማስቀመጫ ላይ ያለ ኳስ በዝግታ እየመታች፣ ከምቱ በኋላ ሦስት እስኪቈጠር ሳትነቃነቅ መቆምን ተለማመደች። ሚዛን መኖሩ የሚታወቀው በዚህ ነውና። በሁለተኛ ደረጃ ውድድር ኳሱ የሚወረወረው ከ13 ሜትር ያህል ርቀት ስለ ሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ እግር ለማሰብ ፋታ የለም፤ ልማዱ አስቀድሞ በዝግታ መያዝ አለበት።

እኅቴ ዛሬም ትጫወታለች። እንግዲህ ታናናሾቻችንን የምንረዳ ሁሉ «በርቺ» ከማለታችን በፊት አቋቋማቸውን እንመልከት። ደካማ የተባለችው ልጅ ያጣችው ጕልበት ሳይሆን ሚዛን ሊሆን ይችላልና።