ቂምን መልቀቅም ይለመዳል

የትዳር ጓደኛችሁ ከወር በፊት የተናገረው ክፉ ቃል ሌሊት እንቅልፍ ነስቷችሁ ያውቃል? ነገሩ አልፏል፤ ልብ ግን አሁን እንደተነገረ ሆኖ ይመታል። ብዙ ትዳር የሚላላው በአንድ ትልቅ ጠብ ሳይሆን እንዲህ በውስጥ በሚመላለስ ትንሽ ነገር ነው።

በአሜሪካ ሆፕ ኮሌጅ የስነ ልቦና ተመራማሪዋ ሻርሎት ዊትቭሊየትና ባልደረቦቿ 71 ተማሪዎችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳተሙ። ተማሪዎቹ የበደላቸውን ሰው በቂም ሲያስቡ የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው ከፍ አለ። ለዚያው ሰው መራራትንና ይቅርታን ሲያስቡ ግን ጭንቀታቸው ዝቅ ያለ ነበር። በዳዩ በሌለበት የሚጎዳው ቂመኛው ራሱ ነው።

አንጎላችን የደጋገምነውን ይለምዳል። አብረው ደጋግመው የሚሠሩ የነርቭ ሴሎች ግንኙነታቸው እንደሚጠነክር ካናዳዊው ዶናልድ ሄብ እ.ኤ.አ. በ1949 ጽፏል። ዕለት ዕለት የሚረገጥ ሣር መንገድ እንደሚሆን ሁሉ፣ ዕለት ዕለት የምናመላልሰው ቂምም በውስጣችን መንገድ ያበጃል። ደስ የሚለው፣ አዲስ መንገድም መጥረግ ይቻላል።

በጸጥታ ማሰላሰል የሚረዳን እዚህ ላይ ነው። “ማሰላሰል” ሲባል ከሌላ እምነት የመጣ ልማድ ብቻ የሚመስለን እንኖራለን፤ በጌታ ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ለጸሎተኛ ሰው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ማሰላሰልን ለዓመታት በለመዱ 20 ሰዎች ላይ አንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ወፈር ብለው መገኘታቸውን ገልጿል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፋ ያለ ጥናት የ8 ሳምንት ሥልጠና የአንጎልን ቅርጽ ሲለውጥ አላገኘም። ስለዚህ ፈጣን ለውጥ አትጠብቁ፤ ልምምዱን ግን አታቋርጡ።

እስቲ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ጸጥ በሉ። ትንፋሻችሁን ቀስ አድርጉ። ያ ቃል ሲመጣ አትከራከሩት፣ አታባርሩትም፤ “ይህ ቅሬታ ነው” ብላችሁ አሳልፉት። ነገ መነጋገር ካለባችሁ ልባችሁ ሲረጋጋ ተነጋገሩ።

መልቀቅ ማለት ግን በደልን መሸፈን አይደለም። ድብደባ ወይም ማስፈራራት ያለበት ቤት ካላችሁ በዝምታ አትቀመጡ፤ ወደምታምኑት ሰው ሄዳችሁ እርዳታ ጠይቁ። የሚለቀቀው ቂሙ ነው፤ ደኅንነታችሁ አይደለም።